ተጠየቅ፣ ዩኒቨርሲቲ!

እኛ በኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲዎች የምንማር፣ የምናስተምርና ከእነሱ ተመርቀን የወጣን ሰዎች ነን። የምንለው አንድ ነገር ነው። የኢትዮጵያ ተማሪ ማሰብ አላቃተውም፤ ማሰቡ ነጥብ አላስገኝ ብሎት ነው። ተማሪ እንደማንኛውም ሰው ጊዜውንና ጉልበቱን የሚያፈሰው በሚከፈለው ላይ ነው። ዩኒቨርሲቲው ለሽምደዳ እስከከፈለ ድረስ ይሸመድዳል። ለጥያቄ፣ ለማስረጃና ለክርክር መክፈል በጀመረበት ሴሚስተር ይጠይቃል፣ ያመሳክራል፣ ይከራከራል።

«የዛሬ ልጅ አያነብም፣ አይመራመርም፣ ስልኩ ላይ ተጥዶ ይውላል» የሚለውን ወቀሳ ሰምተን ጠግበናል። ወቀሳው ቀላል ነው፤ ወቃሹን ምንም አያስከፍለውም። የተማሪውን አእምሮ የሚቀርጹት ነገሮች ግን በስም ይታወቃሉ፦ ፈተናው፣ ፍርሃቱ፣ ቋንቋው፣ የሚያነበውና የሚጽፈው መጠን፣ የሚማርበት ክፍል። ሁሉም በሰው ውሳኔ የመጡ ናቸው፤ በሰው ውሳኔም ይለወጣሉ።

ፈተናው ያዘዘውን

አንድ ሴሚስተር እንዴት እንደሚያልፍ ግቢ የኖረ ሁሉ ያውቀዋል። መምህሩ ሃንድአውት ይሰጣል ወይም ስላይዱን ለክፍሉ ተጠሪ (ሬፕ) ይልካል። ሬፕ ቴሌግራም ግሩፕ ላይ ይለቀዋል። ከሲኒየር የተገኘ የዓምናና የካቻምና ፈተና ይከተላል። የሚድ ፈተና ሲቃረብ ላይብረሪው ይሞላል፣ ሌሊቱን ሙሉ ይቸከላል፣ ጠዋት ይፈተናል፣ ከሰዓት ይረሳል። ይህ ስንፍና አይደለም። እንዲህ የሚያጠና ተማሪ የተሰጠውን ሥርዓት በሚገባ አንብቦ፣ በትንሹ ልፋት ትልቁን ግሬድ የሚያገኝበትን መንገድ አስልቶ የደረሰበት ውሳኔ ነው። ማሰቡንስ አስቧል፤ ያሰበው ስለ ትምህርቱ ሳይሆን ስለ ፈተናው ነው እንጂ።

በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከተፈታኞቹ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በ2015 ዓ.ም. 3.2 በመቶ፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4 በመቶ ሆኑ። ሀገር ሁሉ «ስንት አለፈ?» ብሎ ደነገጠ፤ መደንገጡም ትክክል ነበር። «ጥያቄዎቹ ምን ጠየቁ?» ያለው ግን ጥቂት ሰው ነው። ፈተናው ከአራት አማራጭ አንዱን ማጥቆር ነው። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ተመራቂ ሁሉ የሚወስደው የመውጫ ፈተናም ምርጫ ነው። አንድ ልጅ ዩኒቨርሲቲ ሲገባ ምርጫ አጥቁሮ ይገባል፤ ሲወጣም ምርጫ መርጦ ይወጣል።

የምርጫ ጥያቄ በራሱ ጠላታችን አይደለም። በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ተፈታኝ ላለባት ሀገር በፍጥነትና ያለ አድልዎ የሚታረም ፈተና ያስፈልጋል። በጥንቃቄ የተዘጋጀ ምርጫ መረዳትንና ማገናዘብንም ሊለካ ይችላል። የማይለካው አንድ ነገር አለ፦ ባዶ ገጽ ፊት ተቀምጦ አቋም መያዝን፣ ለአቋሙ ማስረጃ መደርደርን፣ የተቃራኒውን ወገን ሐሳብ ከነሙሉ ጉልበቱ አቅርቦ መመለስን። ሐኪም፣ ዳኛ፣ መሐንዲስና መምህር ሲኮን በየቀኑ የሚጠየቀው ግን ይኸው ነው። በሽተኛ ከአራት አማራጭ ጋር አይመጣም።

ፍርሃትን የት ተማርነው?

ቤት ውስጥ ልጅ «ለምን?» ሲል «ዝም በል፣ ትልቅ ሰው ሲናገር አይጠየቅም» ይባላል። «ዝም አይነቅዝም» ተብሎ ያድጋል፤ «ንጉሥ አይከሰስ፣ ሰማይ አይታረስ» ተብሎ ይመከራል። «ካለመናገር ደጃዝማችነት ይቀራል» የሚለውም ከዚያው ቤት የወጣ ተረት ነው፤ ለልጅ ሲነገር ግን አንሰማም።

ትምህርት ቤቱም ቤቱን አገዘ። እ.ኤ.አ. ከ2004 ጀምሮ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ትምህርት በፕላዝማ ቴሌቪዥን መተላለፍ ሲጀምር ክፍሉ ውስጥ መምህሩ የማስታወቂያ አንባቢ ያህል ሆነ። በስክሪኑ ላይ ያለው ሰው ያስተምራል፣ ጥያቄ ይጠይቃል፣ ጥቂት ሰከንድ ጠብቆ መልሱን ራሱ ይናገራል። እጅ ያወጣ ተማሪ ማንን ይጠይቅ? ዛሬ በዩኒቨርሲቲ ከሚያስተምሩት ብዙዎቹ በዚያ ክፍል ያለፉ ናቸው። ሳይጠየቁ የተማሩ ሰዎች እንዲጠየቁ እንፈልጋለን፤ ስለዚህ በቁጣ ሳይሆን በማስተዋል እንጠይቃቸዋለን።

ከቤትና ከክፍል በላይ የሀገሩ ታሪክም አለ። በ1957 ዓ.ም. «መሬት ላራሹ» ብለው አደባባይ የወጡት ተማሪዎች ነበሩ። በ1962 ዓ.ም. ተማሪው ዋለልኝ መኮንን የብሔረሰቦችን ጥያቄ ጽፎ ያወጣው በተማሪዎች መጽሔት ነው። ያ ትውልድ የጠየቀው ከባድ ጥያቄ ዛሬም አልተዘጋም። ከዚያ በኋላ የሆነውንም እናውቃለን። ከአንድ ግቢ የወጡ ወንድማማቾች በኢሕአፓና በመኢሶን ፓርቲዎች ተሰልፈው ተጋደሉ፤ በቀይ ሽብር ዘመን አንድ የተማረ ትውልድ አለቀ። በ1985 ዓ.ም. ደግሞ ከአርባ በላይ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ መምህራን በአንድ ጊዜ ተባረሩ። መንግሥታት ተፈራረቁ፤ «ጠያቂ አደጋ ነው» የሚለው ትምህርት ግን ሳይለወጥ ከዘመን ዘመን ተላለፈ።

ከዚህ ታሪክ ሁለት ነገር እንወስዳለን። አንደኛው፣ መጠየቅ ለእኛ ግቢ አዲስ ነገር አይደለም። ሁለተኛው የበለጠ ይመረናል፦ ያ ትውልድ ሥርዓቱን በድፍረት ጠየቀ፤ የራሱን መልስ ግን ሊጠይቅ አልፈቀደም። ከመጽሐፍ የተገኘ ቀመር የመጨረሻ እውነት ሆነ፣ የተጠራጠረ ጓድ «አድኃሪ» ተባለ። ሌላውን መጠየቅ ድፍረት ይበቃዋል። ራስን መጠየቅ ግን ሥልጠና ይፈልጋል፤ ዩኒቨርሲቲ የሚያስፈልገውም ለዚህ ነው።

ቋንቋው

ልጁ አንደኛ ደረጃን በአፍ መፍቻ ቋንቋው ይማራል። ሁለተኛ ደረጃና ዩኒቨርሲቲ ግን በእንግሊዝኛ ነው። ስለዚህ ሐሳቡ በሚወሳሰብበት ዕድሜ ሐሳቡን የሚገልጽበትን ቋንቋ ይነጠቃል። በክፍል ውስጥ ዝም ያለው ተማሪ ሐሳብ ስላጣ ይመስላል፤ ዶርም ሲገባ ግን በአማርኛ፣ በአፋን ኦሮሞ፣ በትግርኛ፣ በሶማሊኛ ስለዚያው ትምህርት እስከ እኩለ ሌሊት ይከራከራል። በእንግሊዝኛ አንድ ዓረፍተ ነገር ለመገንባት የሚያጠፋውን ጉልበት በሐሳቡ ላይ አያውለውም። ሲጽፍም የሌላን ሰው አንቀጽ እንዳለ መገልበጥ ይቀለዋል፤ ቢያንስ ሰዋስው አይሳሳትም።

እንግሊዝኛ ይቅር አንልም። የዓለም ዕውቀት በር ነው፤ ተማሪ በሚገባ ሊማረው ይገባል። የምንለው ሐሳብ መጀመሪያ በሚያስቡበት ቋንቋ ይወለድ፣ ቀጥሎ በእንግሊዝኛ ይጻፍ ነው። መምህሩ ጥቁር ሰሌዳው ጋ ቆሞ ሁለቱን ቋንቋ እየቀላቀለ ማስረዳቱ አይቀርም፤ ተማሪው በዚያው መንገድ ሲመልስ ግን እንዳጠፋ ይቆጠራል። ይህ ይብቃ።

ያላነበበና ያልጻፈ

ሪቻርድ አረምና ጆሲፓ ሮክሳ የተባሉ ሁለት የሶሺዮሎጂ ምሁራን እ.ኤ.አ. በ2011 ስለ አሜሪካ ኮሌጆች ባሳተሙት ጥናት ከተከታተሏቸው ተማሪዎች 45 በመቶ የሚሆኑት በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት በማገናዘብና በመጻፍ ችሎታ ይህ ነው የሚባል መሻሻል አላሳዩም። ሀብታም ሀገር፣ የሞላ ላይብረሪና ፈጣን ኢንተርኔት ብቻውን አሳቢ አያወጣም ማለት ነው። በዚያው ጥናት ይበልጥ የተሻሻሉት በሳምንት ከ40 ገጽ በላይ የሚያስነብብና በሴሚስተር ከ20 ገጽ በላይ የሚያስጽፍ ኮርስ የወሰዱ ነበሩ። መድኃኒቱ ውድ አይደለም፤ ማንበብና መጻፍ ነው።

በእኛ ግቢ ግን አንድ ተማሪ አራት ዓመት ተምሮ አንድም ሙሉ መጽሐፍ ሳያነብ ሊመረቅ ይችላል። አሳይመንት በግሩፕ ይሰጣል፤ አንዱ ይሠራል፣ አምስቱ «ስሜን አስገባልኝ» ይላሉ። የመመረቂያ ጽሑፉም ከሲኒየር ጽሑፍ ርዕሱና ቀበሌው ተቀይሮ ይቀርባል። መምህሩ ያውቃል። ሰባና ሰማንያ ተማሪ በታጨቀበት ክፍል፣ ኑሮ ለማሸነፍ ሌላ ኮሌጅ ተጨማሪ ክፍለ ጊዜ እየሮጠ፣ የሁሉንም ጽሑፍ አንብቦ አስተያየት መጻፍ ስለማይችል ያልፈዋል። እዚህ ላይ መምህሩን ብቻ መውቀስ ተማሪውን ብቻ ከመውቀስ አይሻልም።

አሁን ደግሞ ቻትጂፒቲ መጣ። ጥያቄውን ስትሰጠው በሰከንድ ሙሉ አሳይመንት ይጽፋል። ብዙዎች «ትምህርት አበቃለት» አሉ። እኛ ግን ያበቃለት ማሽን የሚሠራው አሳይመንት ነው እንላለን። አንድ ማሽን ያለ ችግር የሚመልሰውን ጥያቄ ለተማሪ መስጠት ድሮም ስሕተት ነበር፤ ማሽኑ ያንን አጋለጠው።

አንድ ኮርስ አይበቃም

በ2012 ዓ.ም. የፍሬሽማን ዓመት ሲመለስ «ሎጂክና ክሪቲካል ቲንኪንግ» ለአዲስ ገቢዎች የጋራ ኮርስ ሆነ። መልካም ውሳኔ ነበር፤ እንዲቀርም አንፈልግም። ነገር ግን ተማሪው የተዛባ አመክንዮ ዓይነቶችን ስም እንደ ስልክ ቁጥር ይሸመድድና በምርጫ ጥያቄ «ይህ የትኛው ነው?» ተብሎ ይፈተናል። ኤ ያመጣው ተማሪ ፌስቡክ ላይ ያንኑ የተዛባ አመክንዮ ሲያጋራ ይውላል።

በዚያው በ2012 ዓ.ም. በበርካታ ዩኒቨርሲቲዎች በብሔር የተቧደኑ ተማሪዎች ተጋጭተው ሕይወት ጠፋ፤ ብዙዎች ትምህርታቸውን ጥለው ወደየቤታቸው ሄዱ። ያልተጣራ ወሬ ከስልክ ወደ ስልክ ሲተላለፍ «ማን አየ? ከየት ተገኘ?» የሚል ሰው በየዶርሙ ቢኖር ኖሮ ሁሉም ነገር ባይቆምም የሚድን ሰው ነበር። «ጥያቄ ሁከት ያመጣል» ለሚሉን መልሳችን ይህ ነው። ሁከት የሚያመጣው ያልተጠየቀ ወሬ ነው።

በካናዳ ኮንኮርዲያ ዩኒቨርሲቲ ፊሊፕ አብራሚና ባልደረቦቹ ብዙ ጥናቶችን አሰባስበው በ2008 እና በ2015 እ.ኤ.አ. ባወጧቸው ትንታኔዎች ነገሩን አጥርተውታል። ማገናዘብን መማር ይቻላል፤ ነገር ግን ዓላማው በግልጽ ተነግሮ በትምህርቱ ይዘት ውስጥ ሲሰጥ ይሻላል። ውይይት፣ ከእውነተኛ ሕይወት የተወሰደ ችግርና የቅርብ ምክር ሲጣመሩ ደግሞ ውጤቱ ይጎላል። ስለዚህ ሎጂክን ፍሬሽማን ላይ ጀምሮ እዚያው መጨረስ አይበቃም። የእርሻ ተማሪው በአፈር ትምህርት ላይ፣ የሕግ ተማሪዋ በውል ሕግ ላይ፣ የሒሳብ ተማሪው በማረጋገጫ ላይ እስከ ምረቃ ዓመታቸው ሊለማመዱት ይገባል።

ከቤታችን ያለው

«ይህ የፈረንጅ ነገር ነው» የሚሉ አሉ። ቅኔ ቤት የገባ ተማሪ ግን ከጉባኤ ቃና ጀምሮ በየዕለቱ የራሱን አዲስ ቅኔ ይቆጥራል፤ የሌላ ሰው ቅኔ ይዞ የቀረበ ያፍራል። መምህሩ በጉባኤ ፊት ያርመዋል፣ እሱም ቆሞ ይሰማል። የቤተ ክርስቲያን አንድምታ ትርጓሜ ለአንድ ቃለ መጽሐፍ ሁለት ሦስት ፍቺ ደርድሮ ሁሉንም ያስጠናል። በጥንቱ ችሎት ባለጉዳዮች «ተጠየቅ!» «ልጠየቅ!» እየተባባሉ በሕዝብ ፊት ይሟገቱ ነበር። ቦረና በየስምንት ዓመቱ በጉሚ ጋዮ ጉባኤ ተሰብስቦ ሕጉን ይመረምራል፣ ይከራከርበታል።

እነዚህን አናመልካቸውም። ከቅኔ ቤት ሴቶች በአብዛኛው ተገልለው ነበር፤ በአንድምታም ቢሆን ከሃይማኖቱ ድንበር የሚወጣ ጥያቄ ቦታ አልነበረውም። ነገር ግን አንድ ነገር ያረጋግጣሉ። «መጀመሪያ ዕውቀት ይያዝ፣ ያልያዘ ምን ያስባል?» ለሚሉን እውነት አላችሁ እንላለን፤ ቅኔ ተማሪውም ግሱን ሸምድዶ ነው የሚጀምረው። እሱ ግን ሸምድዶ አይቀርም፤ በያዘው ይፈጥርበታል። ዘመናዊው ዩኒቨርሲቲያችን ከአሮጌው ትምህርት ሽምደዳውን ወረሰ፣ ፈጠራውን ግን ጣለ።

የምንጠይቀው

አንደኛ። በእያንዳንዱ ኮርስ ማጠቃለያ ፈተና ቢያንስ ሲሶው ነጥብ ተማሪው አቋም ይዞ በማስረጃ ለሚያብራራበት ጥያቄ ይሰጥ። መጽሐፍ ተከፍቶ የሚሠራ ፈተና ይለመድ፤ መጽሐፍ ተከፍቶም መልሱ የማይገኝ ጥያቄ ይዘጋጅ።

ሁለተኛ። ተማሪ በየሴሚስተሩ ቢያንስ አንድ ጽሑፍ ሁለት ጊዜ ይጻፍ። መጀመሪያ ያቅርብ፣ አስተያየት ይቀበል፣ አሻሽሎ ይመልስ። ክፍሉ ብዙ ከሆነ ጽሑፉ ሁለት ገጽ ይሁን፤ ተማሪዎችም የእርስ በርሳቸውን ያንብቡ።

ሦስተኛ። ጥያቄ ነጥብ ይኑረው። ተማሪው ካነበበው ተነስቶ ያቀረበው ጥሩ ጥያቄ እንደ ጥሩ መልስ ይቆጠር።

አራተኛ። የክፍል ውይይት ተማሪዎች በሚግባቡበት ቋንቋ ይፈቀድ፤ የጽሑፍ ሥራው በእንግሊዝኛ ይሁን፤ የአካዳሚክ አጻጻፍ ድጋፍም እስከ ምረቃ ይቀጥል።

አምስተኛ። የፈተና ወረቀት በስም ሳይሆን በቁጥር ይታረም። መምህሩን የሞገተ ተማሪ ለግሬዱ እንዳይፈራ፣ ቅሬታውንም ሌላ መምህር እንዲያይለት ግልጽ ሥርዓት ይኑር።

ስድስተኛ። የመምህር ዕድገት ሲሰላ የታተመ ጽሑፍ ብቻ አይቆጠር፤ ለተማሪ የሰጠው አስተያየትና ያማከረው ሥራም ይመዘን። ጊዜውና ደመወዙ ሳይታሰብ ይህን ሁሉ ከመምህር መጠበቅ ግፍ ነው።

ሰባተኛ። ማሽን የተጠቀመ ይናገር፤ አሳይመንት ያቀረበ ሁሉ ለአምስት ደቂቃ በቃል ይጠየቅበት። የራሱ ካልሆነ በሁለተኛው ጥያቄ ይታወቃል።

ስምንተኛ። የመውጫ ፈተናው ከሙያው የተወሰደ እውነተኛ ጉዳይ ላይ በጽሑፍ የሚመለስ ክፍል ይጨመርበት። ላይኛው ፈተና ሲለወጥ የታችኛውም ይከተለዋል።

ቃል የምንገባው

የምንጠይቀው ከሚኒስቴሩና ከሴኔቱ ብቻ አይደለም። ተማሪ የሆንን እንዲህ ቃል እንገባለን፦ አንኮርጅም፣ ሳንሠራ ስማችንን አናስገባም፣ የሰማነውን ወሬ ምንጩን ሳንጠይቅ አናስተላልፍም፣ በየሳምንቱ ከሃንድአውቱ ውጭ እናነባለን። የብሔራችን፣ የፓርቲያችንና የሃይማኖታችን ሰው የተናገረውን የሌላውን በምንመረምርበት ሚዛን እንመረምራለን። መምህር የሆንን ደግሞ፦ ያላወቅነውን «አላውቅም፣ አጣርቼ እመለሳለሁ» እንላለን፤ የዓምናውን ፈተና ዘንድሮ አንደግምም፤ የተሟገተንን ተማሪ እናመሰግናለን። ወላጅ የሆንን ልጃችን «ለምን?» ሲለን ዝም አናሰኝም።

እ.ኤ.አ. በ1950 የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ሲከፈት ሀገሪቱ የነበራት ዘመናዊ ከፍተኛ ትምህርት ያ ብቻ ነበር። ዛሬ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ከአርባ በላይ ናቸው። ሕንጻው ቆሟል፣ ተማሪው ገብቷል፤ የቀረው ውስጡ የሚደረገው ነው። ለመጀመር የትምህርት ሚኒስቴርን መመሪያ መጠበቅ አያስፈልግም። ሲሶውን ነጥብ ለመለወጥ የአንድ መምህር ፈቃድ፣ ሁለት ገጽ ለማስጻፍ የአንድ ዲፓርትመንት ስብሰባ፣ እጅ ለማውጣት የአንድ ተማሪ ድፍረት ይበቃል። አንተ በመጪው ሰኞ ክፍል የምትገባ፣ አንቺ ነገ ፈተና የምታወጪ፣ እርስዎ የሴኔት ወንበር ላይ የሚቀመጡ፦ ከእነዚህ አንዱን በዚህ ሴሚስተር ጀምሩ።